ያላየኋቸው ሥዕሎች

ሠላሳ አራት ዓመት ሥዕል አስተምሬ ባለፈው ሐምሌ ጡረታ ወጣሁ። በሽኝቱ ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ማይክራፎኑን አቀበለችኝና፣ «ቲቸር ጽጌ፣ ከሥራ ዘመንዎ የማይረሱት የትኛውን ዓመት ነው?» አለችኝ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው የሚያስቅ ነገር ይጠብቅ ነበር። እኔም አንድ የሚያስቅ ነገር ተናግሬ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ዳቦውን ቆርሼ ተቀመጥኩ።

እውነተኛው መልስ ግን የኮሮና ዓመት ነበር። በሥራ ዘመኔ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት ያኔ ነው። ከሁሉም በተሻለ ያስተማርኩትም ያኔ ይመስለኛል፤ ያውም አንዲት ተማሪዬ በዚያ ክረምት ከሳለችው አንዱንም ሳላይ። ይህን ሰው ፊት ቆሞ መናገር አልሆንልኝ አለ። ተቀምጦ መጻፍ ይሻላል።

ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ ነው። የተላክሁት ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸውን ጋሽ ወርቅነህን ለመተካት ነበር። ያን አንድ ዓመት አብረን አስተማርን ይባላል፤ እውነቱ ግን እሳቸው አስተማሩ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ተማርኩ።

ጋሽ ወርቅነህ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ክረምት ያንኑ ቡኒ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ክፍል እንደገቡ የልጆቹን እርሳስ ይሰበስባሉ። ከዚያ ትምህርቱን እያስረዱ፣ ዓይናቸው ልጆቹ ላይ እንዳለ፣ እርሳሱን አንድ በአንድ በምላጭ ይቀርጻሉ። መቅረጫ አይወዱም፤ ጫፉን አጭር ያደርገዋል ይላሉ። ጫፉ ሲረዝም እርሳሱን ጋደም አድርጎ ጥላ ለመጣል ይመቻል። በዚያ ሁሉ ዓመት እጃቸውን ሲቆርጣቸው ያየ ሰው የለም።

በልጅ ወረቀት ላይ እጃቸውን አሳርፈው አያውቁም። በዴስኮቹ መሀል ሲዘዋወሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው። ማሳየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ከኮታቸው ኪስ ቁራጭ ወረቀት አውጥተው እዚያ ላይ ያሳያሉ፤ የልጁን ወረቀት አይነኩም። ስለ አንድ ሥዕል አስተያየት ከመስጠታቸው በፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለቻቸው፤ «ይሄ ማነው?»

«አያቴ ናት» ይላል ልጁ።

«ምን እያደረገች ነው?»

ልጁ ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ተማሪው ብዙ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ እኔ ደግሞ ወጣት ነኝና ትዕግሥት የለኝም። አንድ ቀን ለምን በዚህ ያን ያህል ጊዜ እንደሚያጠፉ ጠየቅኳቸው።

«ጽጌ፣ እኔ የማየው ወረቀት ነው። እሱ የሚያየው አያቱን ነው» አሉኝ። «አያቱን ሳላውቅ አፌን ብከፍት ልጁን ላስቀይመው እችላለሁ።»

ነገሩን በቃሌ ያዝኩት። በቃል መያዝና መልመድ ግን ለየቅል ነው፤ ያንን የተረዳሁት በጣም ቆይቼ ነው።

ከቡታጅራ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቼ አብነት አካባቢ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተመደብኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። አምስት ርእሰ መምህራን ተቀያይረውብኛል። አንደኛው የሥዕል መምህር ማለት ማስታወቂያ ጻፊ ይመስለው ነበር። «ሣሩን አትርገጡ»፣ «የወንዶች መጸዳጃ»፣ «ያለ ደብተር መግባት ክልክል ነው» የሚሉትን በቀይ ቀለም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ አንዳንዶቹ አሁንም አሉ። ሌላዋ ፈተና በደረሰ ቁጥር የኔን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ትሰጥ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ እናደድ ነበር። ኋላ ግን አንድ ልጅ እንኳ ወንበርን በደንብ አይቶ ከሄደ ይበቃኛል ማለት ጀመርኩ።

ወረርሽኙ መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ርእሰ መምህራችን አቶ ታደለ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን የደከመው ሰው ነበር። ደወልኩለትና ምን ልሥራ አልኩት።

«ቲቸር ጽጌ፣ ሥዕል ለጊዜው ይቆይ» አለኝ። «ለሒሳብና ለእንግሊዝኛም ወላጁ የስልክ ካርድ አልቻለም።»

«እኔስ ቤቴ ተቀምጬ ደመወዝ ልብላ?»

ሳቀ። «እንግዲያው ይሞክሩት። ግን ማንንም እንዳያስገድዱ።»

እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው። ቴሌግራም የሚባለውን ነገር የእንግሊዝኛ መምህራችን በስልክ ግማሽ ቀን አስረድታኝ ለመድኩ። የሰባተኛ ክፍል ልጆችን በአንድ ግሩፕ ሰበሰብኳቸው። ልጆቹን እላለሁ እንጂ በግሩፑ ውስጥ የነበሩት የወላጆቻቸው ስልኮች ናቸው። የራሱ ስልክ ያለው ልጅ ጥቂት ነበር። ይህን ነገር አውቀው ነበር፤ በደንብ ግን አላሰብኩበትም።

መጀመሪያ «ደስ ያላችሁን ሳሉ» አልኳቸው። በማግሥቱ ሁለት ተራራ፣ በመሀላቸው የምትወጣ ፀሐይ፣ አንድ ጎጆና አንድ ወንዝ ደረሱኝ። ከአንድ ልጅ አይደለም፤ ከአሥራ ሰባት ልጅ። አብነት ተወልደው አብነት ያደጉ ልጆች ናቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ተራራና ጎጆ ክልክል ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ነገር ብቻ» ብዬ በድምፅ ላክሁላቸው።

ወረቀት የለም ላሉኝ የካላንደር ጀርባ፣ የካርቶን ክዳን ይሆናል አልኩ። እርሳስ የሌለው ከሰል ይያዝ። ለቀለም እርድ በውሃ፣ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ የሻይ ቅጠል አተላ። ሥዕሎቹ ጨለማ ሆነው፣ ተገልብጠው፣ የአባትየው አውራ ጣት ተጨምሮባቸው ይመጡ ነበር። እኔም መነጽሬን አድርጌ ስልኩን እያዟዟርኩ አያለሁ። አንድ ሳምንት «ወንበሩን አትሳሉ፤ በወንበሩ እግሮች መሀል ያለውን ክፍተት ሳሉ፤ ወንበሩ ራሱ ይወጣላችኋል» አልኳቸው። አንዲት እናት ደወለች።

«ቲቸር፣ ልጄ ክፍተት ሳል ተብያለሁ እያለኝ ነው። ክፍተት ምኑ ይሳላል? የሌለ ነገር አይደል እንዴ?»

«እስቲ አንቺም ሞክሪው» አልኳት። ማታውን የእናትና የልጅ ሁለት ወንበር ላኩልኝ። የእናትየው ይበልጥ ነበር።

ያቺን ተማሪዬን፣ ነኢማን፣ የማነሳው አሁን ነው። በክፍል ውስጥ ድምፅዋን የምሰማው ስም ስጠራ ብቻ ነበር። አባቷ አቶ ከድር ልብስ ሰፊ ነው፤ ተክለ ሃይማኖት በኩል አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ትባላለች። የሚኖሩት አብነት ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት ግቢ ነው። ነኢማ ሥዕሎቿን ወደ ግሩፑ አትልክም ነበር። በአባቷ ስልክ ለኔ ብቻ፣ በግል ትልካለች። ዓይን አፋር ስለሆነች ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሰኔ ላይ አዲስ ሥራ ሰጠኋቸው። «የምትቀመጡበትን ቦታ ምረጡ። ከዚያ ሳትነሱ ፊት ለፊታችሁ የሚታየውን ሳሉ። አንድም ነገር አትጨምሩ፣ አንድም ነገር አትቀንሱ።» ነኢማ በሁለተኛው ቀን ላከችልኝ።

በከሰል የተሠራ ነው። ከፊት ግማሹ የተገለጠ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል። ብርድ ልብሱ ከትከሻው ተንሸራቷል፤ እጥፋቶቹ ከትከሻው እስከ ጉልበቱ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ከመጋረጃው ወዲህ፣ መሬቱ ላይ፣ ክዳን የተደፋበት ሳህንና የውሃ ጆግ ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ሥር የባሕር ዛፍ ቅጠል የታጨቀበት ድስት አለ።

ስንት ዓመት ሙሉ ልጆች ጨርቅን እንዲያዩ ለምኛለሁ። የጨርቅ እጥፋት የሚጀምረው ከሚወጠርበት ቦታ ነው፤ ከትከሻ፣ ከክርን፣ ከጉልበት። ይህን የሚያይ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አላጋጠመኝም ነበር። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፣ ለካስ ጨርቅ ስታይ ነው ያደገችው ብዬ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያም ሥዕሉን ወደ ግሩፑ አስተላለፍኩት። በድምፅም «ልጆች፣ ማየት ማለት ይሄ ነው። የነኢማ ከድር ሥራ ነው። እጥፋቱን ተመልከቱት» አልኩ። ደስ ብሎኝ ሻይ ልጥድ ተነሣሁ።

መስመሩን አየሁ፣ ጥላውን አየሁ፣ እጥፋቱን አየሁ። የተኛውን ሰው አላየሁትም። ጋሽ ወርቅነህ ቢሆኑ «ይሄ ማነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እኔ አልጠየቅኩም።

ሻዩ ሳይፈላ ስልኬ መጮህ ጀመረ።

«ይሄ የከድር ቤት አይደለም እንዴ? ከድር ታሟል?» ይላል አንዱ ወላጅ።

«ስንት ቀኑ ነው? ለምን አልተነገረንም?»

«ውሃ የምንቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው እኮ! ልጆቻችን አብረው ሲጫወቱ ነው የከረሙት!»

ይህን የጻፈችው እዚያው ግቢ ውስጥ የምትኖር የሌላ ተማሪዬ እናት ናት። ወዲያው ሥዕሉን ከግሩፑ አጠፋሁት። ግን አንዴ ታይቷል፤ ስልክ ለስልክ ተላልፏል።

የሆነውን በማግሥቱ ከአቶ ታደለ ሰማሁ። ጎረቤቱ በሩ ላይ ተሰብስቦ ጮኸ። ቧንቧው ተቆለፈ። አንዱ ደውሎ አምቡላንስ ጠራ፤ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው አቶ ከድርን ግቢው ሁሉ እያየ ይዘውት ሄዱ። እናትና ልጅ ከቤት እንዳይወጡ ተነገራቸው። አጥሩ ጥግ ያለው ባለሱቅ ከእጃቸው ገንዘብ አልነካም አለ። ምርመራው በሽታው እንዳለበት አሳየ።

«እንደው ሳያስቡት ግቢውን አተረፉት እኮ ቲቸር» አለኝ አቶ ታደለ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። ሌሎችም እንዲህ ብለውኛል። ምናልባት እውነት ነው። ግን እኔ ሥዕሉን ያስተላለፍኩት ማንንም ለማትረፍ አልነበረም። ተማሪዬ ጎበዝ መሆኗን፣ እኔም ጎበዝ አስተማሪ መሆኔን ለማሳየት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማስኬን አድርጌ፣ ዘንቢል ውስጥ ምስር፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ሎሚ ይዤ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ልብስ እያጠቡ ነበር፤ ወደየትኛው በር እንደምሄድ ሲያዩ ሳፋቸውን ሳብ አድርገው ራቁልኝ። በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ወይዘሮ ዘይነባ ከውስጥ።

«ጽጌ ነኝ፤ የነኢማ አስተማሪ።»

በሩን ሳትከፍት፣ «ዕቃ ይዘው እንደሆነ ደጁ ላይ ይተዉት። አላህ ይስጥልኝ» አለች።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ወይዘሮ ዘይነባ።»

«እኛ እኮ ልንደብቅ አልነበረም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖረው ይቀለኝ ነበር። «ከድር ራሱ ሲብስበት ነገ ጠዋት ደውሉ፣ ለጎረቤትም እኔው እነግራለሁ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ነው የቀረን። ራሱ ተናግሮ፣ ራሱ ቆሞ ቢወጣ ሌላ ነበር። እንደ ሌባ ነው ያወጡት። ቲቸር፣ ልጄ ያሳየችው ለእርስዎ ነበር።»

«ነኢማስ?» አልኩ።

«ተኝታለች።»

በሩ ከመሬቱ ከፍ ያለ ነው። ከሥሩ ከእናትየው እግር አጠገብ ሌላ ሁለት ትንንሽ እግሮች ይታዩኝ ነበር። ዘንቢሉን ትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በግሩፑ ላይ ምንም አልላክሁም። ለአቶ ታደለ ደወልኩና «ልክ ነበርክ፤ ሥዕል ይቆይ» አልኩት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የማላውቀው ድምፅ ደወለልኝ። ሳል አለበት።

«ቲቸር፣ ከድር ነኝ። የነኢማ አባት። አልሐምዱሊላህ፣ ወጥቻለሁ።»

አለቀስኩ፤ እንዳይሰማኝ ስልኩን አራቅኩት። ይቅርታዬን ስጀምር አቋረጠኝ።

«እሱ አለፈ። ዘይነባ ትንሽ ይቆይባታል፣ እኔ አልፎልኛል። የደወልኩት ለልጅቷ ነው። ያን ቀን ደብተሯን የከሰል እሳቱ ውስጥ ጨመረችው። እርሳስ አትይዝም። 'አባቴን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ' ትላለች። እኔ ነግሬያት አልሰማ አለችኝ። ጨርቅ ቢሆን እጠግነው ነበር፤ ይሄን ግን አላውቅበትም።»

ስልኩን እንዲሰጣት ለመንኩት። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ይሰማኛል፤ ልጅቷ ትንፍሽ አትልም።

«ነኢማ፣ አንቺ የሳልሽው ትክክል ነበር። ሳልጠይቅሽ ለሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ካንቺ ቅንጣት የለበትም።»

ዝናቡ ቀጠለ። «ቲቸር፣ አባዬን ልስጥዎት?» አለችና ስልኩን መለሰች።

በማግሥቱ ደወልኩ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሐሳብ ይዤ ደወልኩ።

«ዛሬ ልሳል ብትዪ ምንም አትልኪልኝም» አልኳት። «ፎቶ የለም። እኔም አላየውም፣ ማንም አያየውም። ስትጨርሺ ደስ ካለሽ ቅደጂው።»

«ካላዩት እንዴት ያርሙኛል?» አለች። ከወር በላይ ቆይታ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

«አላርምሽም። አንቺ የምታዪውን ትነግሪኛለሽ፣ እኔ እጠይቅሻለሁ። ፊት ለፊትሽ ምን አለ?»

«የአባዬ ማሽን።» ሱቁ ዝግ ስለነበር በእግር የሚረገጠውን የስፌት ማሽን ቤት አምጥቶት ነበር።

«ምኑ ይታይሻል?»

«ጎማው። ክብ ነው።»

«ከተቀመጥሽበት ሆነሽ ስታዪው ክብ ነው?»

«አዎ። ጎማ ነዋ!»

«መሆኑንስ እኔም አውቃለሁ። የሚታይሽን ነው የጠየቅኩሽ። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። እርሳሱን ክንድሽን ዘርግተሽ ያዢና የጎማውን ቁመት ለኪበት። ከዚያ ስፋቱን።»

ጠበቅኩ። ስልኩ ሲቀመጥ፣ አንድ ነገር ሲጎተት ሰማሁ።

«ቲቸር!» አለች ድንገት። «ክብ አይደለም! እንቁላል ነው የሚመስለው!»

ሠላሳ ዓመት ገደማ ያንን ነገር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አሳይቼ ነበር። ልጆቹ እኔ የሣልኩትን ይገለብጣሉ፣ ገልብጠውም ይረሳሉ። ነኢማ ግን ማንም ሳያሳያት፣ ቤቷ ተቀምጣ በራሷ ዓይን አገኘችው። የኔ ብቸኛ ሥራ መጠየቅና ዝም ማለት ነበር። ዝም ማለቱ እንደዚያ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር።

ክረምቱን በሙሉ ከአሥር ሰዓት በኋላ እየደወልኩ አስተማርኳት። መቀስ ሣለች፤ የመቀስ ሁለት ቀለበቶች እኩል እንዳልሆኑ ነገረችኝ፣ ተነሥቼ የራሴን አየሁ፣ እውነቷን ነው። ግማሹ ያለቀ የክር ጥቅል ሣለች። ካውያ ሣለች። ዝናቡ ሲበረታ ስለማንሰማማ ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን ጋብ እስኪል እንጠብቃለን። አንዳንድ ቀን ስትጨርስ የወረቀት መቀደድ እሰማለሁ። «ቀደድሽው?» እላለሁ። «አዎ» ትላለች። «ይሁን፤ ነገ ምን አለ?» እላለሁ። ነሐሴ እየገፋ ሲሄድ የመቀደዱ ድምፅ ቀረ። ሰው ግን አትስልም። እኔም አላነሣባትም።

ጳጉሜን ላይ እንደ ልማዴ ደወልኩ።

«ዛሬ ፊት ለፊትሽ ምን አለ?»

«አባዬ አለ» አለች። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እየሰፋ ነው።»

«እንግዲያው ጠይቂው» አልኳት።

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ዞራ፣ «አባዬ፣ ልሳልህ?» ስትል ሰማሁ።

የማሽኑ ድምፅ ቆመ። «ሳዪኝ ልጄ። ግን ሆዴን ቀነስ አድርጊልኝ» አለ አቶ ከድር።

«አይቻልም! ምንም መቀነስ አይቻልም!» አለች፤ ሳቀች። ከጓዳ የእናትየው ድምፅ መጣ፤ «እውነቷን ነው፣ ባለበት ይሣል!»

ማሽኑ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላነጋገረኝም፤ እኔም አልዘጋሁም። ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ፣ የማሽኑን ፔዳልና ከሥሩ የምትሰማውን የእርሳስ ኮሽታ እያዳመጥኩ ካርዴ እስኪያልቅ ቆየሁ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ወይዘሮ ዘይነባ ልጇን ይዛ በር ላይ አገኘችኝ። ማስክ ስላደረግን የሚታየው ዓይናችን ብቻ ነበር። ዘንቢሌን ታጥቦ፣ ታጥፎ መለሰችልኝ። ከውስጡ በላስቲክ የታሰረ ቆሎ ነበር። «ባዶ ዕቃ አይመለስም ብዬ ነው» አለች። ስለ ሌላው ነገር እሷም አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም።

ነኢማ ስምንተኛን ጨርሳ ከኛ ትምህርት ቤት ወጣች። በዚያ ክረምት ከሣለችው አንዱንም አላሳየችኝም፤ እኔም አሳዪኝ አላልኳትም። ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የተማሪ ሥዕል ግድግዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት ልጁን ብቻዬን እየጠራሁ አስፈቅድ ነበር። አዳዲሶቹ መምህራን ይስቁብኝ ነበር። «ለአንድ ወረቀት ይሄ ሁሉ?» ይሉኛል። ከሦስት ልጆች አንዱ እንቢ እንደሚል ግን አያውቁም፤ እኔም ሳልጠይቅ በፊት አላውቅም ነበር።

ያ ግቢ አሁን ፈርሷል፤ ጎረቤቱም ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። የአቶ ከድር ሱቅ ግን ተክለ ሃይማኖት እንዳለች ናት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የእህቴ ልጅ ሠርግ ደረሰና ጨርቅ ገዝቼ ሄድኩ። አቶ ከድር ማሽኑ ላይ ነው፤ ሸብቷል። ከጎኑ አንዲት ረጅም ወጣት ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች።

«ቲቸር ጽጌ!» ብላ መጥታ አቀፈችኝ።

ነኢማ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በአንድ ኮሌጅ የልብስ ዲዛይን ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ትሠራለች። ለካችኝ፣ ጻፈች፣ ከዚያ ወረቀት አወጣች። «ቀሚሱን ልንደፈው፣ ትንሽ ይቁሙልኝ» አለች። እርሳሷን አንሥታ ጥቂት እንደሠራች ቆም አለችና፣ «ፊትዎንም ልጨምር ቲቸር?» አለችኝ።

«ጨምሪ» አልኳት።

ሠላሳ አራት ዓመት ሰው እንዴት እንደሚታይ ሳስተምር፣ እንደዚያ ቆሞ መታየት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንገቴ ደነዘዘ። ዓይኗ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ምንም አያልፋትም። ስትጨርስ ወረቀቱን አዞረችልኝ። ከእሷ እጅ የወጣ የሰው ሥዕል ሳይ ከዚያ ከሰኔው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ ነኝ። ትከሻዬ ዝቅ ብሏል፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ወርዷል። ግራ እጄ ቀኝ እጄን አንጓው ላይ ጨብጦ ይዞታል። ቀኝ እጄ ከዓመት በላይ ይንቀጠቀጥብኛል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮኛል፤ ትምህርት ቤት ላሉት አልነገርኩም፣ ለእህቴም አልነገርኩም። እንዲህ አድርጌ እንደምይዘውም እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። በሥዕሉ ላይ ግን የጣቶቼ ጥብቀት፣ የጅማቴ መውጣት ሁሉ አለ።

«አማረልሽ?» አለ አቶ ከድር ከማሽኑ ሆኖ ነኢማን። «ቲቸርን አሳምረሻቸዋል?»

ነኢማ መልስ ሳትሰጠው ወደኔ ዞረች። «ግድግዳው ላይ ልለጥፈው ቲቸር? ለደንበኛ ማሳያ ይሆነኛል።»

ሥዕሉን እንደገና አየሁት። «አይ ልጄ፤ አትለጥፊው» አልኳት።

«እሺ።»

ለምን አላለችኝም። ወረቀቱን ጠቅልላ በነጭ ክር አሰረችና ሰጠችኝ። ከዚያ ሌላ ወረቀት ስባ ቀሚሱን ብቻ፣ ሰው ሳይኖርበት፣ በፍጥነት ነደፈችና ግድግዳው ላይ ሰካችው። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች፤ ቀኝ እጄን ቀስ ብላ ከግራው አስለቅቃ ያዘችውና ከትከሻዬ ጀምራ እንደገና ለካችኝ።

«እጅጌውን ረዘም ላድርገው?» አለችኝ፣ አባቷ በማይሰማው ድምፅ።

«አድርጊው» አልኳት።